የአባዬ ቅሬ

መስከረም 20

ዓሣ ቤቴ ዛሬም ጢም ብሎ ዋለ። በሐይቅ ከተማ አልፎ ለንግሥ ወደ ግሸን የሚወጣው ሰው ነው፤ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ... ረቡዕ ስለሆነ ግማሹ ዓሣ ይጾማል ይላል፣ ግማሹ አይጾምም ይላል። ደግሞ እኔን ፍረጂ ይሉኛል። እኔ ሙስሊሟ ከየት አምጥቼ? ለአንዱ ሽሮ፣ ለአንዱ ጥብስ ሰጥቼ ሁለቱንም በሰላም ሸኘሁ።

ልጄ ሱንዱስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰሃን አጠበችልኝ። ሳልጠይቃት። የሆነ ነገር ፈልጋ ይሆናል፣ ነገ ይታወቃል። ባለቤቴ ሙአዊያም ባጃጁን አቁሞ ሽንኩርት ላጠልኝ፣ ከእኔ በላይ እያለቀሰ።

ለአባዬ ደወልኩ። አይሠራም። እሱ ያለበት አምባሰል ላይ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል።

ጥቅምት 8

አባዬ ወድቋል።

የደወለልኝ ጎረቤቱ ወንዱ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ። "አብሽሪ፣ አጥንት አይደለም። ጉልበቱ ነው ያበጠ" አለኝ። የት ወደቀ? ከቀብር ሲመለስ። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ዳገት፣ ቀብር!

ማታ ኔትወርኩ ቤት ድረስ ሲመጣ ስልኩን ለአባዬ ሰጠው፤ ጮህኩበት። "ምን ሊያደርግልህ ወጣህ?"

"ቀብር ያልወጣን ሰው ማን ይቀብረዋል?" አለኝ። በቃ፣ መልሱ ይኼ ነው።

ቅሬው ነው የያዘው። ሙአዊያ "እድር በይው" ይለኛል፤ የከተማ ልጅ ምን ያውቃል። እዚያ ላይ ሰው ሲሞት እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ወጥቶ ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ሐዘንተኛውን ያበላል። የቀረ ይጠየቃል። ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባዬ ብቻውን ነው። መሰረዝን የሚፈራውን ያህል ሞትን አይፈራም።

ጥቅምት 11

ከሙአዊያ ጋር ተማከርን። እናምጣው። ሱንዱስ ክፍሌን እለቅለታለሁ አለች፤ ከእኛ ጋር ለመተኛት ሳይሆን ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ለመተኛት። ነቄ ናት።

"አባትሽ እሺ ይላል?" አለ ሙአዊያ። አይልም። ግን አንድ ቀን ወድቆ ሳይነሳ ቢያድርስ? ይኼን እያሰብኩ እንቅልፍ የለኝም።

ጥቅምት 16

አመጣሁት።

የገበያ ቀን መርጬ ነው የሄድኩት፣ ሰፈሩ ባዶ የሚሆንበትን። ጎረቤቶቹ ካሉ እነሱም አይለቁት፣ እሱም አይለቃቸው። "ሐኪም ጉልበትህን ይየው" አልኩት። ውሸት አይደለም። መመለሻውን ግን አልነገርኩትም... ሙአዊያና ጓደኛው እየተቀባበሉ አዝለው እስከ አስፋልቱ አወረዱት። የቤቱን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። የእናቴ በር። ትንሽ አለቀስኩ።

የቅሬውን ዳኛ አያ ሀሚዱን እንኳ አልተሰናበትንም። አባዬ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ "ለሀሚዱ ሳልነግረው..." አለ፣ ሁለት ጊዜ። ጋቢውን አስተካከልኩለት።

ጥቅምት 29

ጉልበቱ ዕረፍት ነው የሚፈልገው አሉ ሐኪሞቹ። ዕረፍት ሞልቷል። አያማርርም፣ አይቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዓሣ ሳቀርብለት "እሾህ ያለው ሥጋ" ይለዋል፤ ሱንዱስ ትለቅምለታለች።

ጠዋት ጠዋት አንድ ጥያቄ አለው። "ማን ሞተ?"

"እኔ ምን አውቄ አባዬ።"

"እኔ ሳልወጣ የቀረሁበት ሰው ይኖራል" ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ክፉ ሠራሁ ወይስ ደግ? አጠገቤ ነው፣ ንጹህ ነው፣ በልቶ ያድራል። ምን ጎደለው? የጎደለውን አውቃለሁ እኮ... አልሰጠውም እንጂ።

ኅዳር 12

ከአጥር ወዲያ ያሉት ሽማግሌ ዛሬ ከሰዓት አረፉ። አላህ ይዘንላቸው፣ ደግ ጎረቤት ነበሩ። ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ እኛ በር ላይ ተተከለ። እኔም ደጄ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

አባዬ አያውቃቸውም። ድንኳኑ ሲተከል ግን በምርኩዙ እየተጎተተ ወጥቶ ገመድ ያዘ። "ግባ፣ ብርድ ነው" ስለው "ቀብር ላይ ነኝ" አለኝ። ፊቱ በራ። በሰው ሞት እንዲህ አይባልም፣ ግን በራ።

ኅዳር 14

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬም እየሳቅኩ ነው... እያለቀስኩም።

ትናንት ጠዋት ጎረቤታችንን ቀብረን ተመለስን። ድስት ለማውጣት በር ላይ ብቅ ስል አንድ ሚኒባስ ቆመ። ጣሪያው ላይ ቃሬዛ ታስሯል። ከውስጥ አያ ሀሚዱ፣ ወንዱ፣ የአባዬ ሰፈር ሰው በሙሉ እያለቀሰ ይወርዳል። ደነገጥኩ። መርዶ ይዘውልኝ መጡ ብዬ እኔም እሪ አልኩ። ማን እንደሞተ ሳላውቅ!

አያ ሀሚዱ ክንዴን ያዙ። "ሀውራ፣ ቀበራችሁት እንዴ?"

"አዎ፣ አሁን ተመለስን" አልኩ። ጎረቤታችንን ለመሸኘት የመጡ መስሎኝ።

"እኛን ሳትጠሪ?" ብለው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። "የኛን ሰው? ከሚስቱ ጎን ቆፍረን እየጠበቅነው?"

ያኔ አባዬ ከድንኳኑ ወጣ። ዱዓ ላይ ነበር። የአገሩን ሰው ሲያለቅስ አየና የእሱም ዓይን እንባ ሞላ።

"ሀሚዱ፣ ማን ሞተብን?"

አያ ሀሚዱ ቀና ብለው አዩት። 

"አንተ" አሉት።

ጥፋቱ የወንዱ ነው፣ ጥፋት ከተባለ። ትናንት ወዲያ ሐይቅ መጥቶ ነበር፤ አባዬን ሊጠይቅ። ድንኳን በራችን ላይ፣ እኔ ደጅ ቆሜ ሳለቅስ። መንገደኛ ጠየቀ። "አንድ ሽማግሌ ናቸው" አሉት። ታዲያ ገብተህ አታይም? አይገባም። የቅሬ ሰው ለቅሶ ቤት ብቻውን አይገባም፣ ከቅሬው ጋር ነው። ብቻውን መግባት ነውር ነው። ከደጃችን ተመልሶ፣ የመጨረሻውን ሚኒባስ ይዞ፣ አገሩን አስነሳ። በሌሊት ተነስተው ቆፈሩ።

"ምነው ወንዱ፣ አንገትህን ብቅ ብታደርግ" ስለው "ኧረ ሀውራ፣ ብቻዬን? ባዶ እጄን? ጋሽ ኑርዬስ ምን ይሉኛል?" አለኝ። አባዬን ሞተዋል ብሎ እኮ ነው!

አባዬ ሳቀ። ሐይቅ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። ከዚያ ጠየቀ። "ማን ማን ቆፈረ?"

"ማን ይቀራል?" አሉ አያ ሀሚዱ።

"እኔ እኮ ወር ሊሞላኝ ነው። ቀብር አልወጣሁም። አልሰረዛችሁኝም?"

"የታመመን ሰው ነው የምንሰርዘው? ጃጀህ እንዴ አንተ?"

አባዬ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ።  እኔ ዘወር አልኩ።

ዓሣ ጠብሼ አበላኋቸው። እሾሁን እየተራገሙ በሉ። ከበሉ በኋላ አባዬ "ሀውራ፣ ልብሴን" አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለኝ። 

"ጉልበትህስ?" አልኩት። ለሰዎቹም ተናገርኩ፣ በግልጽ። "ሞቶ ቢሆን ሁላችሁም ትሸከሙታላችሁ። በሕይወት ሲኖርስ? ውሃ ማን ይቀዳለታል? ወድቆ ቢያድር ማን ያየዋል?" ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ድንኳን ውስጥ ያሉትም ዘወር ብለው አዩኝ።

አያ ሀሚዱ አልተቆጡም።  "እውነቷን ነው" አሉ ጢማቸውን እያሹ። "ሬሳ ስንሸከም ነው የኖርነው። መርሐባ፣ እሺ ልጄ። ደጁን ሳናይ አናድርም።"

"የኔ ቤት ከእሳቸው ቤት አንድ አጥር ነው" አለ ወንዱ። "ልጆቼ ውሃውን ይዘው ይሄዳሉ። ማርያምን።"

አባዬን አየሁት። እኔን አያየኝም፣ የእኔን አፍ ነው የሚያየው። እሺ እንድል። ለካ እሱም እኔን ላለማስከፋት ነበር ዝም ያለው...

እሺ አልኩ።

"ቃሬዛ ባዶውን አይመለስም" አሉ አያ ሀሚዱ። ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ያለውን ዳገት በቃሬዛ አወጡት፣ ትራስ አስደግፈው። እኔ ከኋላ። መንገድ ላይ የሚያገኙን ሰዎች ጀናዛ ነው ብለው ቆመው ዱዓ ሲያደርጉ አባዬ ቀና ይልና "አሚን፣ አሚን" ይላቸዋል። አንዷ ሴትዮ እንስራዋን ለቀቀች።

ኅዳር 15

ሁለት ሌሊት አባዬ ቤት አደርኩ። አባዬ ጠዋት ለእሱ የተቆፈረውን ጉድጓድ ላየው ውሰዱኝ አለ። አየው። "ጥሩ ቆፍራችኋል። ድፈኑት፤ አፈሩ ላልቷል፣ ለሌላ ጊዜ አያደክማችሁም" አላቸው።

ቅሬው እዚያው ቆሞ መከረ። ጉልበት ያነሰው ሽማግሌ አይቆፍርም፣ አይሸከምም፤ ሐዘንተኛው ቤት ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል፣ ያጽናናል። እሱም እንደ መውጣት ይቆጠርለታል። አባዬ ትንሽ ተከራከረ፤ "ቁጭ ብዬ?" አለ። ደስ ብሎታል ግን።

ወደ ሐይቅ ስወርድ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ መረቀኝ።   

ኅዳር 30

የሱንዱስ ክፍል ወደ ሱንዱስ ተመለሰ። ቅር ብሏታል። ቴሌቪዥኑ ይሆናል... ወይም አያቷ።

ታኅሣሥ 19

የገበያ ቀን። የአባዬ ሰፈር ሰዎች ዓሣ ቤቴን ማረፊያ አድርገውታል። ሸክማቸውን ያስቀምጣሉ፣ ይነግሩኛል። ወንዱ፦ "ጋሽ ኑርዬ ትናንት ከልጄ ጋር ገበጣ ተጫውተው ተጣሉ።" አያ ሀሚዱ፦ "አባትሽ ወፍሯል፣ ከዚህ በላይ ከወፈረ ቃሬዛው አይችለውም።" ለአባዬ መድኃኒቱንና እሾሁ የተለቀመ ዓሣ ላክሁ። አሁን እዚህ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ውሎውን አውቃለሁ። የሚገርም ነው።

ጥር 9

ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ፣ ስልኬ ጠራ። አያ ሀሚዱ። እሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም። 

"አባትሽ ደህና ነው፣ አብሽሪ" አሉኝ መጀመሪያ። "የወንዱ አማት አርፈዋል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው።"

"ለአባዬ ልብስ ልላክለት? ብርድ ነው..." አልኩ።

"አባትሽ እዚያው ነው፣ ሐዘንተኛ እያጽናና። የደወልኩት ላንቺ ነው። ከየቤቱ አንድ የሚሠራ ሰው ይወጣል። ከኑርዬ ቤት አንቺ ነሽ ብለናል።"

ምድጃውን አጠፋሁ። ተመጋቢዎቹን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አንዱ ግማሽ ዓሣውን በወረቀት ጠቅልሎ ወጣ። እህል በፌስታል ያዝኩ። ዳገቱ እግር ሥር ሴቶቹ ቆመው አገኘኋቸው። እኔን ነው የሚጠብቁት። ብቻዬን እንዳልገባ። አብረን ገባን።

ውሃ ቀዳሁ፣ ድስት አጠብኩ። አባዬ ከሽማግሌዎቹ መሃል ሆኖ አየኝና ወሬውን ቀጠለ፤ ሁልጊዜ እዚያ እንደምውል።

ሙአዊያ ሊወስደኝ እስከ አስፋልቱ መጥቶ ነበር። ቀሚሴ ጭቃ፣ እጄ ጥላሸት።

"ማን ሞቶ ነው?" አለኝ።

"የኛ ሰው" አልኩት።