ለክቡር ዳኛዬ፤ ስለማላውቀው አውራ ጣት

ለተከበሩ የወረዳችን ፍርድ ቤት ዳኛ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከደብረ ታቦር ማዶ ያለሁት አዛለች ካሴ፣ ከጉልበቴና ከመሬቴ በቀር ሁሉ ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለእርስዎም ዕድሜና ጤና፣ የማይነቃነቅ ወንበርም ይስጥልኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው፣ በፖስታ አሽጌ ብልከው እንደ አቤቱታዬ ሳይነበብ መዝገብ ቤት እንዳይከርም ሰግቼ ነው።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ ላስታውስዎ። የዛሬ አራት ዓመት በሰኔ፣ የጎልማሶችን ትምህርት ስንጨርስ የምስክር ወረቀት የሰጡን እርስዎ ነበሩ፤ እኔ የስድሳ አንድ ዓመቷ ተማሪ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ባሌ ከሞተ በኋላ፣ የመሬት ደብተሬን በገዛ ዓይኔ ላነብ ብዬ ነው። ያን ቀን እጄን ይዘው፣ «ከእንግዲህ ይህ ጣት ቀለም አይነካም፤ የሚያነብን ሰው ማንም አያታልለውም» አሉኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ በቀበሌም በእድርም ስሜን ስጽፍ እንጂ ጣቴን ስቀባ ያየኝ የለም። እርስዎን ስላመንሁ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ባለፈው ዓመት በጥር፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዋልልኝ ሜትር አስይዘው ከድንች ማሳዬ ገቡ፤ መሬቱን በፈቃዴ ለወጣቶች ማኅበር እንደለቀቅሁም ነገሩኝ። ከማኅበሩ ወጣቶች እስከ ዛሬ ያየሁት የአቶ ዋልልኝን ሚስት ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም ጢሙ ሸብቷል። «በሕግ አምላክ!» አልሁ። በአባቴ ዘመን ይህን ቃል የሰማ ሰው ዱላውን እንደ ሰቀለ ይቆም ነበር። አቶ ዋልልኝ ግን «እማማ፣ ሕጉ እኮ እኛ ቢሮ ነው ያለው» ብለው ሜትሩን አስዘረጉት። እኔ ሞኟ ሕጉ እርስዎ ዘንድ ያለ መስሎኝ ከሰስሁ። እውነቱን በዘጠኝ ቀጠሮ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ነገሩን ስላጣሩበት ብልሃት አመሰግናለሁ። አቶ ዋልልኝ ያጠፉት ካለ ተጣርቶ እንዲገለጽልዎ ለአቶ ዋልልኝ ጻፉላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን በጥብቅ መርምረው ምንም ጥፋት እንዳላገኙባቸው በማኅተም አረጋገጡ። እኛ ሰፈር በግ የጠፋበት ሰው ሄዶ ጅቡን አይጠይቅም ነበር፤ ለካ ባለማወቅ ነው።

፫ኛ፦ ፈቅጃለሁ የሚለው ወረቀት ከመዝገቡ ተያይዟል። የተጻፈው ሜትሩ ከመምጣቱ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በኅዳር ነው። ከሥሩ ስሜ አለ፤ ከስሜ አጠገብ የአውራ ጣት አሻራ። ችሎት ቆሜ፣ እጅ ነሥቼ፣ በዚያ ኅዳር ጣት መቀባት ከተውሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ እንደነበር፣ ለዚህም ምስክሬ ራስዎ እንደሆኑ ተናግሬ፣ አሻራው ከእኔ ጣት ጋር እንዲመሳከርልኝ ለመንሁ። እርስዎ ግን ቀና ሳይሉ ሲጽፉ ቆዩና፣ ውሳኔው ሥልጣን ባለው አካል የተሰጠ በመሆኑ ፍርድ ቤቱ የሚገባበት ምክንያት የለም ብለው ፈረዱ። አቶ ዋልልኝ ሥልጣን እንዳላቸውማ እኔም አውቃለሁ፤ ባይኖራቸው ጎረቤቶቼ ሽመል ይዘው ይመልሱልኝ ነበር እንጂ እርስዎ ዘንድ ምን አመጣኝ? እኔ የጠየቅሁት፣ ሥልጣን የሰው አውራ ጣት ያበቅላል ወይ ብዬ ነበር።

አራተኛም ነበረኝ። የፍርዱን ግልባጭ ልወስድ ስገባ ጸሐፊዋ መልኬን አይታ የቀለሙን ሳጥን ገፋችልኝ። መልሼ ገፋሁላትና ስሜን ጻፍሁ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ስጽፍ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ አጉረመረመ። እሷን አልቀየምኋትም። እሷ ምንም ቃል አልገባችልኝም።

አቶ ዋልልኝንም ቢሆን ከቶ አላመንኋቸውም ነበርና አልከዱኝም። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ መሬቴን ብቻ ነበር የማጣው፤ ስለ ቆጠርሁ ግን እንዴት እንዳጣሁት መስመር በመስመር አነበብሁ። ከዚያች ማሳ በቀር የምበላበት የለኝም። ድንቼን በምተክልበት በዚህ ወር፣ ማኅበሩ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ አራግፎባታል።

የችሎትዎን ግርማ፣ የካባዎንም ጥቁረት አክባሪ፣
የሰጧትን የምስክር ወረቀት ከነመስታወቱ ከግድግዳዋ ያላወረደች ተማሪዎ፣

አዛለች ካሴ
(በገዛ እጄ የጻፍሁት)

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ፦ «ይህ ጣት ቀለም አይነካም» ያሉትን ቃል እርስዎ ካፈረሱት ዘንድ እኔም ላፍርሰው ብዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ቀለም ነክቻለሁ። ከዚህ በታች የታተመው የእኔ አውራ ጣት ነው። ይግባኜን ለሚያዩት ዳኞችም ይኸንኑ አትሜ ሰጥቻለሁ። ፋታ ሲያገኙ በመዝገብዎ ካለው ጋር ያስተያዩት። ይህን ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ቀና ማለት ብቻ ይበቃል።