ቀብር በመድረሳቸው ስለታሰሩት አጎቴ

ለተከበሩ የአዲሱ የጨሌ ማዶ ክልል የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ፣

ክልል ለሁለት ሲከፈል የሞተ ሰው ለየትኛው ወገን ይደርሳል? እርስዎም ካርታውን ሲፈርሙ ይህን ሳይጠይቁ አልቀሩም ብዬ በማመን፣ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለአጃቢዎችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምጽፍልዎ፣ አምና በፐብሊክ ፖሊሲ የተመረቅኩ፣ ለጊዜው ዌርሀውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስካን የማደርግ፣ በመንግሥት ሥራ ግን ገና ተስፋ ያልቆረጥኩ ልጅ ነኝ።

አንደኛ፦ በመንደራችን በወርቄ ሜዳ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ሳምንት ሲቃጠሉ ያልደረሰው ኃይልዎ፣ እሳቱ ከበረደ በኋላ አዲሱ ወሰን በሆነው ድልድያችን ላይ ኬላ ስላቆመልን እናመሰግናለን። ሙስሊሙ ወዲህ፣ ክርስቲያኑ ወዲያ ሆኖ አሁን የሚጣላው አጥቷል፤ የሚቀብረውም እንዲሁ።

ሁለተኛ፦ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበትን ቅሬያችንን በፍትሐዊነት ስላካፈሉልን ምስጋናችን የላቀ ነው። የድንኳኑ ሸራ ለወዲያ፣ ቋሚው ለወዲህ ደርሷል።

ሦስተኛ፦ አጎቴ ሐቢብ። የቅሬው ዳኛ ናቸው። ባለፈው ወር ከድልድዩ ማዶ የሚኖሩት የድሮ ጎረቤታቸው እትዬ ዓለምነሽ አረፉ፤ በጥይት ሳይሆን በእርጅና ስለሆነ ቢሮዎ እንደ ስኬት ይያዝልን። አጎቴ መቃብር ሊቆፍሩ አካፋቸውን ተሸክመው ድልድዩን ሲሻገሩ፣ «ስለት የያዘ ጸጉረ ልውጥ» ተብለው ታሰሩ። በቅሬያችን ሕግ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ በእርስዎ መመሪያ የሄደ ይቀጣል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፊተኛው ሕግ ስለኖሩ የኋለኛው ቶሎ አልገባቸውምና ይቅርታ ያድርጉላቸው።

ወሬው እዚህ ኮሎምበስ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ካለው አፓርታማችን ሲደርስ እናቴ ስልኩን ዘግታ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። አላለቀሰችም። «ተምረሻል አይደል? ጻፊላቸዋ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ፈሀድ በእንግሊዝኛ፣ ቀብር ስለሄደ ነው የታሰረው? ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ደግሜ እንድነግረው ለመነኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ እራት በላን።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ፣ እዚህ አሜሪካ ያላችሁ የወርቄ ሜዳ ልጆች፣ ወዲህም ሁኑ ወዲያ፣ ከስሜ በታች ስማችሁን ጨምሩ።

ለሰላማችን ሲደክሙ ዕረፍት እንዲያገኙ ከልብ የምትመኝልዎ፣
ፈርዶሳ ሙሐመድአወል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእስር ቤትዎ ሙስሊምና ክርስቲያን እስረኞች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ምንጣፍ እንደሚተኙ ሰምቻለሁ። በሁለቱም ክልል ሳይከፈል የቀረው ቦታ ይኸው ብቻ መሆኑን ካርታ አንሺዎችዎ እንዳይሰሙ አደራ። አጎቴ እዚያ በሕይወት ካሉ ግን፣ «አሉ» ብለው ይመልሱልኝ።