ዶቃው ላይ የቆመው ቀለበት

ለእትዬ ሙካንዶሊ፣

ከሁዬ አንቺ እስካለሽበት ሞምባሳ ድረስ ናፍቆት ያዘለ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቦሎቄው ዘንድሮ አምሯል። ኬዛ የፊት ጥርሷን አውልቃ ስትስቅ አሮጊት መስላለች።

እሷን ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ፣ ሐኪሙ "ሁለተኛ እንዳታስቢው" ያለኝን አትረሺውም፤ አጠገቤ ነበርሽ። ኪኒኑም መርፌውም ስላልተስማማኝ ጤና ጣቢያ የሰጡንን የቀን መቁጠሪያ ዶቃ ራስጌያችን ሰቅለናል። የወር አበባዬ ሲመጣ የላስቲክ ቀለበቱን ቀዩ ዶቃ ላይ አድርገን፣ ከዚያ በየማለዳው አንድ አንድ ዶቃ እናሳልፈዋለን። ማርገዝ የምችልበት ቀን ነጩ ነውና፣ እሱ ላይ ሲሆን ባለቤቴ ንትዋሊ ምንጣፉን ይዞ ወደ ሳሎን፣ ቡናማው ላይ ሲደርስ እየሳቀ ወደ መኝታ ቤት ነው።

ለካ ባለፈው ወር እኔ ካሳለፍኩት በኋላ እሱም ተነስቶ ያሳልፍ ኖሯል፤ ቡናማው ላይ ያለ ቀኑ ደርሰናል!

"የኬዛ እናት፣ የረሳሽ መስሎኝ እኮ ነው" አለኝ።

"አንተ ሰው፣ መቼ ረስቼ አውቃለሁ?" ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም።

ቀለበቱ ወደ ቀዩ የምንመልስበት ቀን ሳይመጣ መጨረሻው ዶቃ ላይ ከቆመ ሰነበተ። ሁለታችንም አንነካውም።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ትምህርት ሲዘጋ ኬዛን እልክልሻለሁ። ማታ ጀርባዋን ካሻሸሽላት አታስቸግርም። ካሁኑ ትልመድሽ።

እህትሽ ኡሙሊሳ