ነፋስ ማስመሪያዬን ወሰደው

ባልንጀራዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሳቂብኝ ብዬ ነው ይህን ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ። ዛሬ ጠዋት ከአስጎብኚያችንና ከተጓዦቹ ጋር ወጥቼ፣ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጬ ገደሉን ስስል ነፋስ ማስመሪያዬን ነጥቆኝ ቁልቁል ገባ። አንቺና እኔ አሥራ ሁለት ዓመት የሱቅ ማስታወቂያ ስንጽፍ፣ ያለ ማስመሪያ አንዲት መስመር አስምሬ አውቃለሁ? መጀመሪያ ወረቀቱን ጠቅልዬ ልነሣ ነበር። ደግሞ ሳየው ገደሉም ቀጥ ያለ ነገር የለውም፤ እጄን ዝም ብዬ ለቀቅኩት። አስጎብኚያችን ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሥዕሌን አዩና፣ «ገደሉን እንኳ አልመሰለም፤ አንቺን ግን ቁርጥ!» አሉኝ። በሳቅ ፈረስኩ። እዚያ ጠባብ የሥራ ክፍላችን ውስጥ የሠራሁት ሁሉ የደንበኛ ነበር፤ ይሄኛው የእኔ ስለሆነ ከሥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጻፍኩበት። ውይ፣ ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ! እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። የዋጋ ዝርዝሩን ከሥራ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንሺው፤ ሥዕሌ እዚያ ነው የሚሰቀለው!