ደጋን ስልሽ

ይድረስ ለእናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም እማዬ። አፊያሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ያን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለክፉ ቀን አስቀመጥሽው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ምራትሽ ሰፊያም ደህና ናት። ሆዷ ገፍቷል፣ እንቅልፍ አስቸግሯታል፣ ሐኪሞቹ ግን ሁሉም መልካም ነው ብለዋል።

ሰላምታው በዚህ ይብቃን። ተናድጃለሁ። ስደውል አታነሺም፤ ካነሳሽም ኔትወርኩ አይሰማም ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ዲር ፓርክ ሰፈር ባለው መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳሁ የምልሽን ሳሰላስል እውላለሁ፣ ስደውልልሽ ኔትወርክ ትይኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ደብዳቤ ኔትወርክ አይፈልግም። አብሮኝ የሚሠራው ሙእሚን ለእረፍት አገር ቤት ስለሚገባ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። አደራ፣ ለጎረቤት ሰጥተሽ እንዳታስነብቢው። በመሠረተ ትምህርት የተማርሽው ፊደል ይበቃሻል፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። አምና በስልክ ከሥራ ስትወጣ ምን ትሠራለህ ስትይኝ፣ ጋራዥ ውስጥ ደጋን እየሠራሁ ነው አልኩሽ። አንቺ እልል አልሽ። ደጋን ምኑ እልል ያስብላል ብዬ አልጠየቅኩም። ለካ ልጄ ፈረንጅ አገር ተቀምጦ የጥጥ መንደፊያ እየሠራልኝ ነው ብለሽ ለኮምቦልቻ ሰው ሁሉ አውርተሻል! እኔ ያልኩት ቀስት የሚወረወርበትን፣ ከቀንድና ከጅማት የሚሠራውን ነበር። አንቺ ግን ሰፊያን ልታርሺ ስትመጪ የልጁን ጋቢ የምትፈትይበትን ጥጥ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀሽ መጣሽ። የኤርፖርቱ የኳራንቲን ሰዎች ከረጢቱን ከፍተው አገራቸው እንዳይገባ የተከለከለ የጥጥ ፍሬ ለማግኘት ሲበረብሩ፣ ፍሬውን ለቅሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ ምን ሊያገኙ ብለሽ ስትስቂባቸው እንደቆየሽ መኪና ውስጥ ነገርሽኝ። በቢጫ ፕላስተር መልሰው አሽገው ሰጡሽ።

ደጋኑን ሳሳይሽ አገላብጠሽ አየሽው። ይሄ የሚታጠፈው ወዴት ነው አልሽኝ። ገመድ ሳይገባበት ወደ ውጪ እንደሚቀለበስ፣ ገመድ ሲገባበት ግን በግድ ወደ ሆዱ እንደሚመለስ አስረዳሁሽ። ይሄማ የተቆጣ ደጋን ነው፣ ጥጤን ጎረቤት ግቢ ያደርስብኛል ብለሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ስለዚህ ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር። ያኔ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ!

ምን ያህል እንደለፋሁበትም ታውቂያለሽ። ከሰሜን፣ ከዳርዊን ከተማ በኩል የመጣ የጎሽ ቀንድ ሰንጥቄ፣ ሞርጄ፣ እንጨቱ ሆድ ላይ ለጠፍኩ። የበሬ ጅማት አድርቄ፣ በመዶሻ ቀጥቅጬ፣ እንደ ባዘቶ አፍታትቼ ጀርባው ላይ ደራረብኩት። ሙጫው ከዓሣ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ክሬጊበርን ሰፈር የሚኖር ሽማግሌ ቱርክ፣ ጅማት መለጠፍ ከጀመርክ ቤትህ ቢቃጠል እንኳ አትነሳ ብሎኛል፤ ሙጫው ከበረደ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። አልተነሳሁም። ሰፊያ የሆስፒታል ቀጠሮዋ ቀን ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ስትጠራኝም አልተነሳሁም፤ ታክሲ ያዢ አልኳት። በሚቀጥለውም ቀጠሮ እንዲሁ ሆነ። ምን ላድርግ፣ ሙጫ ሰው አይጠብቅም። አንቺም ከመጣሽ በኋላ ሽታው ያስመልሳታል ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር። በሩን እዘጋለሁ አልኩሽ።

ያን ረቡዕ ከሥራ ስገባ ደጋኑ ለሁለት ተሰብሮ ጠበቀኝ። ሰፊያ ራሴን አሞኛል ብላ ተኝታለች። አንቺ ጋራዡ በር ላይ ቆመሻል። ጥጤን ልነድፍበት ገመድ ላስገባ ስስበው ተሰበረ፣ ልጄ አውፍ በለኝ አልሽ። አመንኩሽ። ለምን አላምንሽ? ደጋን ያልኩሽ እኔ፣ ጥጥ ይዘሽ የመጣሽ አንቺ። ከአፌ የወጣውን ሁሉ አልደግመውም፤ መሃይም ያልኩሽን ግን አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። በሳምንቱ ቲኬትሽን አስቀይረሽ፣ የልጅ ልጅሽን ሳታዪ ሄድሽ።

እሁድ ለልጁ አልጋ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ የተኛሽበትን ክፍል ሳጸዳ ከአልጋሽ ሥር ያን ከረጢት አገኘሁት። ቢጫው ፕላስተር እንዳለ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልተላጠም። እማዬ፣ ከረጢቱ ሳይከፈት የሚነደፍ ጥጥ አለ?

ሄጄ ስብራቱን እንደገና አየሁት። ቱርኩ ሽማግሌ፣ ሙጫው ደርቆ ሲያልቅ ለሁለት ሆነን ነው ገመድ የምናስገባበት ያለኝ ነገር ነው። አንቺ የጃም ክዳን መክፈት አቅቶሽ ጠርሙሱን ወደ እኔ ስትገፊ የነበርሽ ሴት ነሽ። ይሄ በእጅ የተሳበ አይደለም። የጋራዡ በር ደረጃ ላይ ተጋድሞ ከላይ በእግር የተረገጠ ነው። ያን ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ያንቺ ጉልበት ደግሞ የሚታወቅ ነው።

እንግዲህ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማን ጠየቀሽ? ማን ተሸከሚልኝ አለሽ? መሃይም ስልሽ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ዝም አልሽኝ! አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት? ይሄን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ያን ቀን ምን አደርግ እንደነበር አንቺ ከእኔ ቀድመሽ አውቀሻል። እሱም ያናድደኛል። ከሁሉ የሚያናድደኝ እንዲያውም እሱ ነው።

ሰፊያን ምንም አልጠየቅኳትም። ይሄን ደብዳቤም አላየችውም። ማክሰኞ ቀጠሮ አላት፣ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ እኔ ነኝ የምወስዳት። ትናንት ስምሽ ሲነሳ አለቀሰች፤ እማዬ ትምጣልኝ አለችኝ። ለምን ታለቅሻለሽ አላልኳትም።

የተሰበረው አይጠገንም፤ ቀንዱ ከእንጨቱ ተላቅቋል። ከጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ቀጭን ቅርንጫፍ ቆርጬ ሌላ ሠርቻለሁ። ያንቺ እጅ የሚችለው ነው፤ ቁጡ አይደለም፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚታጠፈው። ገመዱን አላስገባሁበትም። ለጥጥ ምን ያህል እንደሚወጠር አላውቅም፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ቪዛሽ አላለቀም። ቲኬትሽን ቡክ አድርጌያለሁ፣ ወረቀቱን ሙእሚን ይሰጥሻል። አልመጣም ብትይ ደግሞ ሌላ ንዴት ነው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እኔን ብትቀየሚኝ እንኳ ለሰፊያ ዱዓሽን እንዳትነፍጊያት። ጥጡን ማንም አይነካውም።

መሃይሙ ልጅሽ