አባባ ያረሙት ጌም

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከወሬዬ ቀድሞ ይድረስህ። ጤናህስ? ጋራዡ፣ አለቃህ፣ ያ ስቆ ሲያበቃ የሚያስነጥሰው ጓደኛህ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ እማዬ ብቻ ደብዳቤህ ከመጣ ጀምሮ ሳህን ስታጥብ ከሳህኑ ጋር ትጣላለች።

«ለውትድርና ልመዘገብ ነው፤ አባባ ይመርቁኝ» ብለህ ከጻፍክ ሦስት ሳምንት ሆነ። ምርቃቱ ለምን እንደዘገየ ልንገርህ፤ ጣጣው የመጣው በእኔ ነው።

ለኮምፒውተር ትምህርት ጌም ሥሩ ተባልን። እኔ ሥዕል ስለማልችል በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ ሠራሁ፦ ታነባለህ፣ ከተሰጡህ ምርጫዎች አንዱን ትነካለህ፣ ታሪኩ በመረጥከው በኩል ይቀጥላል። ታሪክ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። አባባ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ የሚጀምሩትን የኬላውን ታሪክ ታውቀው የለ? ወታደር ሳሉ፣ መብራቱን አጥፍቶ የመጣውን የጭነት መኪና ብቻቸውን ያስቆሙበትን፣ ውስጡ ጥይት በሳጥን በሳጥን የተገኘበትን? እሱን እንዳለ ገለበጥኩት። ሳጥኑ በየግብዣው ስለሚጨምር አርባ ላይ ቆረጥኩት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኩን ሰጠኋቸው። ልስቅባቸው ነበር፤ አልዋሽህም። መጀመሪያ ላይማ ተሳክቶልኝ ነበር። ጌሙ ስም ሲጠይቃቸው ማዕረጋቸውንም ጨመሩ። ኬላው ጋ ደረሱ፣ መኪናው መጣ። አንድ፦ ተኩስ። ሁለት፦ «ቁም!» በል። ሦስት፦ አሳልፈው። አባባ መንካቱን ትተው ስልኩ ላይ «ተኩስ!» ብለው ጮኹ። እማዬ ከጓዳ፣ ምን ያስጮህሃል፣ ስልኩ አልደነቆረም አለች። ጣታቸውን ይዤ «አንድ» ላይ አስጫንኳቸው።

«ሾፌሩ ሞቷል። መኪናው ላይ አርባ ሳጥን ጥይት ተገኘ። ጀግና ነህ!» አለ ጌሙ። እንኳን ደስ ያለዎት ልል ስል መነጽራቸውን አወለቁ።

ይሄ ስህተት ነው አሉ። የራስዎ ታሪክ አይደል እንዴ አልኳቸው። ሳጥን አልነበረም አሉ። ከዚያ ጻፊ ብለው አሳረሙኝ፦ ሁለት ፍራሽ፣ ድስቶች፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ በገመድ የታሰረ አልጋ። መብራቱም የጠፋው አምፖሉ ተቃጥሎ ነው በዪ አሉኝ። ፍራሾቹ ላይ እነማን ተቀምጠው እንደነበር ግን አላስጻፉኝም። እኔም፣ ምላሴን ታውቀዋለህ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቅኩም። እማዬ ጓዳ ውስጥ ቧንቧውን ዘጋች።

ቆይተው አራተኛ ምርጫ ጨምሪ አሉ። ምን የሚል ብላቸው፣ «መኪናው ላይ ያሉት የሚጮኹት ምን እንደሆነ እስክትሰማ ጠብቅ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን አላወሩም። ትናንት አንድ እንግዳ አፍ አውጥቶ ቢጠይቃቸው ስለ ዝናብ አወሩለት። ያንተ ምርቃትስ ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ ጌሙን ላኪለት፤ የታረመውን።

ይኸው ልኬልሃለሁ። ምዝገባው እስኪዘጋ አሥር ቀን አለህ፤ ለጌሙ አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንተም እንደ አባባ ሳታነብ ነው የምትነካው፤ ይቺን ግን አንብባት። መኪናው ጋ ስትደርስ የፈለግከውን ምረጥ። ከዚያ ለእኔ እንዳትደውል፤ ለእሳቸው ደውል። ሲበሉ እንኳ ስልኩን ከሳህናቸው አጠገብ ነው የሚያስቀምጡት።

እማዬ «እጅህ ከጆሮህ አይቅደም» ብላ መርቃሃለች። እኔ ደግሞ አሜን ብያለሁ።

ምላሰኛዋ ታናሽ እህትህ