የሞተሯ የኋላ ወንበር

ለማከብርሽና ለምናፍቅሽ እታለም ዘሊካ፦

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አከም ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጅዳው ሙቀት በረድ አለልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጨፋው ማሽላ ተሰብስቧል፣ የእማዬም ጉልበት ተሽሏታል። እኔማ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ባሌ ሪድዋን አምና ደውሎ ሰልማ ደስ እንዲላት ብሎ ለስፖርት ሞተሩ ያስላከሽ የካርቦን ፋይበር ልባስ ትዝ ይልሻል? ፓራፋንጎውንም የጎኑንም ቃሲም ጋራዥ ወስዶ አሳሰረው። ጥቁር፣ እንደ ሰሌን የተጠላለፈ፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጫማሽ ይጭረዋል ብሎ ከኋላው አላስቀምጥ አለኝ። ስድስት ዓመት የተቀመጥኩበትን ቦታ ተነጥቄ በባጃጅ መሄድ ጀመርኩ። ይሁን ብዬ ቻልኩት።

ለካስ ቦታው ለሌላ ተፈልጎ ኖሯል። ጎረቤታችን አሻ ፍየል ልትሸጥ ሰንበቴ ወርዳ ጉዱን ሰምታ መጣች። እዚያ ሁለተኛ ሚስት አጭቷል፤ ለቤተሰቦቿም ሰልማ ፈቅዳ መርቃኛለች ብሏቸዋል። በገበያው ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በዚያው ሞተር ሊያመጣት ነው። እታለም፣ ሸሪዓ የፈቀደለትን አልከለክለውም። ግን በስሜ ዋሽቶ፣ ባንቺ ላብ አጊጦ? ይህን ዝም ካልኩ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።

ከላክሽው ዕቃ ካርቶን ውስጥ የቀረች አንዲት ጉብታ መሳይ ክዳን ነበረች። ይቺ በኋላ ወንበር ቦታ ከገባች ሞተሩ የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል ብሎ ቃሲም ያኔ ነግሮኛል። ሪድዋን ሞተሩን ሊያስወለውል ጋራዥ ሲያስገባ ካርቶኑን ይዤ ሄድኩና ቃሲምን ይቺም ትታሰር ተብሏል አልኩት። በብሎን ጥርቅም አድርጎ አሰራት። የኋለኛውን ሰው የእግር መርገጫም አስፈታሁ። የተነሳችውን ወንበር በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ።

ሞኙ ጠዋት ሲያያት ጭራሽ ወደዳት። የወንበር ልብስ መስላው ፎቶ ተነሳባት፤ ሰንበቴ ድረስም እንደተኮፈሰ ሄደ። ሙሽራዪቱ አጊጣ ስትወጣ ጉብታዋን ቢጎትት፣ ቢገፋ፣ ንቅንቅ የለም። ግመል ሊሸጡ የወጡት አፋሮች ሳይቀሩ ከበው ሳቁበት። ሲጨንቀው «የሰልማ ተንኮል ነው! ምቀኝነቷ ነው!» ብሎ ጮኸ። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል። የልጅቱ አባት «መርቃኛለች ያልከን ሰልማ?» አሉት። ልጃቸውን ወደ ቤት መለሱ፤ የሚስትህን ቃል ከአፏ ሳንሰማ አንሰጥህም ብለው ባዶውን ሸኙት።

እኔ እማዬ ቤት ነኝ። ሐሙስ ሽማግሌ ይዞ ሊለምነኝ ይመጣል። እማዬ ማሪው ትለኛለች፤ እኔ ግን ገና አልጠገብኩም።

እማዬ በዱዓ አትርሺኝ ብላለች። ልጅሽ ከውሰር አምስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ጉንጭሽን ትስማለች። አሻም ሰላም ብላሻለች፣ ቃሲምም የእጄን ሥራ አየሽልኝ ወይ ይልሻል። ወንበሯን ሪድዋን ሰው እየላከ ያስጠይቃል። ይህን የምጽፍልሽ እሷው ላይ ተቀምጬ ነው። ሐሙስም እዚችው ወንበር ላይ ነኝ። ለሽማግሌዎቹ ብድግ እላለሁ፤ ለእሱ ግን አልነሳም።

እህትሽ ሰልማ
ከሚሴ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.